ደጅ ለደጅ የተጻፈ መጽሐፍ

በአማርኛችን «ጎዳና ተዳዳሪ» የሚል ስም አለ። ሰውየው ዛሬ የት እንዳለ ይነግረናል፤ ከየትኛው ቤት እንደወጣና ምን እንዳስወጣው ግን አይነግረንም። ስለ ቤት አልባነት የተጻፉ ጥናቶችን ሳነብ ዘወትር የምፈልገው ይህንኑ ስሙ የዘለለውን ታሪክ ነው። ፍለጋዬም ደጋግሞ ወደ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ይመልሰኛል፤ ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1899 ወዳሳተመው «ዘ ፊላደልፊያ ኔግሮ»። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

ዱ ቦይስ በ1895 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በዓመቱ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በፊላደልፊያ ሰባተኛ ወረዳ የሚኖሩትን ጥቁሮች እንዲያጠና ጠራው፤ የረዳትነት ስም ሰጠው እንጂ ተማሪዎቹን እንዲያስተምር አላደረገም። እርሱም በዚያው ዓመት ያገባትን ኒና ጎመርን ይዞ በወረዳው፣ በሎምባርድ ጎዳና አጠገብ በአንዲት ክፍል ኖረ። የጥያቄ ቅጾቹን ተሸክሞ በእግሩ እየዞረ ወደ 2,500 የሚጠጉ ቤቶችን አንኳኳ፤ የ9,675 ሰዎችንም ኑሮ መዘገበ። ነዋሪው ግን በደስታ አልተቀበለውም። ገመናውን ለባዕድ መግለጥ፣ ይልቁንም እንደ እንግዳ ፍጥረት መመርመር፣ ለማን ይቀላል?

በዚያ ዘመን ብዙዎች የከተማዋ መከራ ምንጭ ራሱ ጥቁሩ ነው ይሉ ነበር። ዱ ቦይስ ጥያቄውን ገለበጠው። ጥቁሩ ከጥሩ ሥራ ተከልክሎ አብዛኛውን ጊዜ በአሽከርነትና በገረድነት ስለሚያገለግል ከጌቶቹ ሰፈር መራቅ አይችልም፤ ሌላው ሰፈር ደግሞ በሩን ዘግቶበታል። ስለዚህ ለባሰ ቤት የበለጠ ኪራይ ይከፍላል። ኪራዩን ለመሙላት ደባል ያስገባል፤ ደባሉ ሲበዛ ቤቱ ይጨናነቃል፤ ከመጨናነቁም በሽታ ይከተላል። የሥራ፣ የቤትና የጤና ጉዳይ አንድ ገመድ መሆኑን ያሳየን እንዲህ ነው። እርግጥ ወጣቱ ምሁር ከዘመኑ ፈጽሞ አላመለጠም፤ ድሆቹን በሥነ ምግባር መዝኖ የሚወቅስባቸው ገጾች ዛሬ ሲነበቡ ይጎረብጣሉ።

ገመዱ በዚያ አልተቆረጠም። በ1930ዎቹ የፌዴራሉ መንግሥት መሥሪያ ቤት ከ200 በላይ ከተሞችን በካርታ ሲያስነሣ የጥቁሮችን ሰፈሮች «አደገኛ» ብሎ በቀይ ቀባ። ለቤት ብድር ዋስትና የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም እነዚህን ሰፈሮች ገሸሽ አደረጋቸው። በቤት ሽያጭና ኪራይ በዘር ማዳላት በሕግ የተከለከለው በ1968 ነው፤ ነገር ግን አባት ያልገዛውን ቤት ልጅ አይወርሰውም።

በ2023 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ወደ 3,200 የሚጠጉ ቤት አልባ አዋቂዎችን ጠይቆ ያሳተመውን ጥናት ያነበብሁት ይህን ይዤ ነው። ከመላሾቹ 26 በመቶው ጥቁሮች ናቸው፤ ከክፍለ ግዛቱ ሕዝብ ግን ድርሻቸው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ የመጨረሻ ቤታቸውን ያጡት እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ቤታቸውን ከማጣታቸው በፊት በነበሩት ስድስት ወራት የቤተሰባቸው መካከለኛ ወርኃዊ ገቢ 960 ዶላር ነበር። አጥኚዎቹ በጎዳና ኑሮ ያለፉ ሰዎችን በአማካሪነት ማስቀመጣቸውን ሳነብ፣ የሰባተኛው ወረዳ ነዋሪዎች ቅሬታ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ መልስ ያገኘ መሰለኝ።

የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ለዱ ቦይስ የክብር ፕሮፌሰርነት የሰጠው በ2012፣ አክራ ላይ ባረፈ በ49 ዓመቱ ነው። ለሙት የሚሰጥ ክብር ደግ ነው። እኔ ግን ከሹመቱ ይልቅ ያ ኪራይ እንዴት ይከፈል እንደነበር መጠየቁን አስቀድማለሁ፤ ጥያቄው ዛሬም የሚያንኳኳው ደጅ አላጣምና።