ተሸናፊ ይከፍላል

በሀገራችን ከተሞች ያደገ ሰው የጆተኒን ሕግ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። አሸናፊ ጠረጴዛው ላይ ይቆያል፣ ተሸናፊ ከፍሎ ይወጣል። በቃ! ይህችን አጭር ሕግ ይዘን ትንሽ ወደ ኋላ ብንመለስ፣ ዛሬ በእጅ ስልካችን ላይ ስለሞሉት “ነጻ” ጨዋታዎች ብዙ ነገር ትነግረናለች። በነሱም ዘንድ ተሸናፊ ይከፍላልና። የተለወጠው፣ ማን መቼ እንደሚሸነፍ የሚወስነው ወገን ነው።

መቱን የሚያውቅ ዝናቧን ያውቃል። በኢሉ አባቦር ዝናብ ለጥቂት ሳምንት መጥቶ የሚሄድ እንግዳ አይደለም፤ የዓመቱን እኩሌታ የሚከርም ቤተኛ ነው። ሜዳው ጭቃ ሲሆን ኳሱ በረንዳ ላይ ይወጣል። ከመቱ እስከ ጎሬ፣ ከሁሩሙ እስከ ኖፓ፣ የቆርቆሮ ጥላና አንድ ጆተኒ ያለው ሰው የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ይሰበስባል። ስሙ ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ይመስላል፤ “ጄቶኒ” በጣሊያኖቹ ዘንድ በስልክና በጨዋታ ማሽን ውስጥ እንደ ሳንቲም የሚከተት ብረት ነው። እንግዲህ ጨዋታው ገና ከስሙ ጀምሮ ክፍያ አለበት ማለት ነው።

አሁን የጠረጴዛውን ባለቤት ልብ በሉልኝ። ጥግ ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሳንቲሙን ይቆጥራል። ከተጫዋቾቹ ማንም ቢያሸንፍ ለሱ ያው ነው፤ አንዱ ይከፍላል። የአንደኛውን ልጅ በረኛ አያላላም። ሶስት ጊዜ የተሸነፈው ልጅ ተስፋ ቆርጦ እንዳይሄድበት ብሎ ኳሷን በድብቅ አይገፋለትም። ቢሞክርስ? እዚያው ነበራ ጉዱ የሚፈላው! ጠረጴዛውን ከበው የሚያዩ አሥር ዳኞች አሉ።

ብሔራዊ ሎተሪንም ውሰዱ። በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ብዙ ሰው እየከፈለ ጥቂት ሰው የሚወስድበት ነገር ነው። ግን ዕጣ ማውጫው ስማችሁን አያውቅም። ትናንት ደመወዝ መቀበላችሁን፣ ባለፈው ወር በአንድ ቁጥር ተበልታችሁ መናደዳችሁን አያውቅም። ለሁሉም እኩል ደንታ ቢስ ነው፤ ፍትሑም ደንታ ቢስነቱ ላይ ነው።

ታዲያ የዛሬው የስልክ ጨዋታ ቅድመ አያት ማን ነው? ዘመዱን ከፈለጋችሁ መናኸሪያና ገበያ ዳር ሂዱ። ሶስት ካርታ ካርቶን ላይ እየገለባበጠ “ቀይዋ የቷ ናት?” የሚለውን ሰው ታውቁታላችሁ። ያ ሰው መጀመሪያ ያስበላችኋል። አጠገባችሁ የቆመው “መንገደኛ” (ግብረ አበሩ ነው) ዓይናችሁ እያየ ሁለት መቶ ብር ይወስዳል። ጨዋታው ቀላል ይመስላችኋል። ደህና ገንዘብ ከኪሳችሁ ስትመዙ ግን ያቺ ቀይ ካርታ ትሰወራለች። ይህ ሰው ካርታ ብቻ አይደለም የሚያነበው፣ ፊታችሁንም ነው። መቼ እንደሚያስበላችሁ፣ መቼ እንደሚበላችሁ የሚያውቀው በዚያ ነው።

ወደ ማሽኖቹ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1978 የጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ “ስፔስ ኢንቬደርስ” የተባለውን የሳንቲም ጨዋታ አወጣ፤ ዓለምም ሳንቲሙን ይዞ ተሰለፈ። የሳንቲም ማሽን ችግሩ ግልጽ ነው፤ ተጫዋቹ በአንድ ሳንቲም ሰዓት ሙሉ ከቆየ ባለቤቱ ይከስራል። ስለዚህ ጨዋታው ቶሎ መክበድ አለበት። ብዙዎቹ ማሽኖች በሆዳቸው ውስጥ ትናንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ነበሯቸውና ባለቤቱ ክብደቱን እንደፈለገ ያስተካክል ነበር። በ1985 የአታሪው “ጎንትሌት” ሲመጣ ደግሞ የተጫዋቹ ጤና ቆሞ እንኳ በራሱ ጊዜ ያልቃል፤ ሳንቲም ሲጨመር ይታደሳል። ስስት ነው፣ ግን የማያዳላ ስስት ነው፤ ማሽኑ ለሀብታሙም ለድሃውም እኩል ይከብዳል።

ወደኛ ሀገር የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር፣ ከኖኪያ ጋር አብራ የመጣችውን እባብ የማያስታውስ የዚያ ዘመን ሰው አይኖርም። እባቧ በበላች ቁጥር ትረዝማለች፣ በረዘመች ቁጥር ራሷን የመንከስ ዕድሏ ይጨምራል። በመሸነፋችሁ የሚያተርፍ ማንም አልነበረም። ስልኩ አንዴ ተሽጧል፤ ጨዋታው ከምርቃቱ ጋር የመጣ ነው።

ነገሩ የተገለበጠው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። አፕል በዚያ ዓመት በነጻ የሚወርዱ የስልክ ጨዋታዎች በውስጣቸው ዕቃ እንዲሸጡ ፈቀደ። መግቢያው ነጻ፣ መውጫው በገንዘብ ሆነ። በ2012 ኪንግ የተባለው ኩባንያ “ካንዲ ክራሽን” አመጣ። ከረሜላ መደርደር ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅም የስልሳ ዓመት አዛውንትም ይገባቸዋል። አምስት “ሕይወት” ይሰጣችኋል። መጀመሪያ አካባቢ ሁሉም ነገር ይሳካል፤ ርችት ይተኮሳል፣ ትሞገሳላችሁ። ቆይቶ ድንገት ግድግዳ ይገጥማችኋል። 65ኛው ደረጃ በዓለም ዙሪያ ስንቱን እንዳስመረረ የዘመኑ ተጫዋቾች ያውቁታል። አንድ ሁለት ከረሜላ ብቻ ሲቀራችሁ መጫወቻችሁ ያልቃል፤ ወዲያው አምስት ተጨማሪ እንቅስቃሴ ግዙ ትባላላችሁ። አንገዛም ካላችሁ አንዷ ሕይወት እስክትመለስ 30 ደቂቃ ጠብቁ። የሚሸጠው ዕቃ እንግዲህ ከረሜላ አይደለም፤ ከንዴት መገላገያ ነው። ንዴቱን ደግሞ የፈጠረው ሻጩ ራሱ ነው።

ያዋጣል? ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 አክሲዮኑን ኒውዮርክ ገበያ ላይ ሲያወጣ ባቀረበው ሰነድ፣ የ2013 ገቢው 1.88 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በወር የሚከፍለው ሰው ግን ከመቶ ተጫዋች አራት ያህሉ ብቻ ነው። ዘጠና ስድስቱ በነጻ ይጫወታሉ፣ የአራቱ ኪስ ድግሱን ይደግሳል። ከነዚህም ውስጥ አብዝተው የሚከፍሉትን የሙያው ሰዎች ከቁማር ቤት በተዋሱት ስም “ዓሣ ነባሪ” ይሏቸዋል። ስያሜው የአጥማጅ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ይህኛው ማሽን እንደ ካርታው ሰውዬ ፊት ማንበብ መቻሉ ነው። የት እንደተሸነፋችሁ፣ ስንት ጊዜ እንደሞከራችሁ፣ በስንት ሰዓት ስልኩን እንደዘጋችሁ ይመዘግባል። እ.ኤ.አ. በ2017 የኤሌክትሮኒክ አርትስ ተመራማሪዎች ጨዋታው ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ሁኔታው እንዲከብድና እንዲቀል በማድረግ ተጫዋቾችን እስከ 9 በመቶ ይበልጥ ማቆየት እንደቻሉ በጥናት አሳተሙ፤ ገቢው ላይ ግን ለውጥ አላመጣም ብለዋል። በዚያው ዓመት አክቲቪዥን የተባለው ኩባንያ ያገኘው የፈጠራ መብት ደግሞ ፈራ ተባ አይልም። ጀማሪውን ጥሩ መሣሪያ ካለው ጎበዝ ጋር አጋጥመው፣ መሣሪያው ያምረዋል፤ ከገዛ በኋላ መሣሪያው በሚሠራበት ግጥሚያ አስገባው፣ በመግዛቱ ይደሰታል። ኩባንያው ሐሳቡን በጨዋታዎቹ ላይ አላዋልኩትም ብሏል፤ ይሁንለት። ሐሳቡ ግን በወረቀት ሰፍሮ መብት ተሰጥቶታል። የመናኸሪያው ሰውዬ ይህን ቢሰማ “እኔ ስንት ዘመን ስሠራበት!” ሳይል አይቀርም።

“እኛን ምን አገባን? ዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ማን አለ?” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የለውም። ግን መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ብር ተቀብለው የጨዋታ አልማዝ የሚሞሉ ደላሎች በቴሌግራም አሉ። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ዝምተኛው ክፍያ ነው። ለመቀጠል ማስታወቂያ እዩ ትባላላችሁ። 30 ሰከንድ፣ ከዚያ ሌላ 30 ሰከንድ። የተገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ይነዳል። ለትምህርት ፋይል ማውረጃ የተሞላ ካርድ፣ የማናውቀው ኩባንያ ማስታወቂያ ማሳያ ሆኖ ያልቃል። ገንዘብ የሌለው በጊዜውና በጥቅሉ ይከፍላል፤ መሸነፉ እንደሆነ አልቀረለትም።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ “ሃምስተር ኮምባት” መጣብን። አይጥ መሰል እንስሳ ሥዕል በጣት ደጋግሞ መንካት ነው፤ መጨረሻ ላይ ወደ ዶላር የሚለወጥ ሳንቲም ይታደላል ተባለ። ኩባንያው 300 ሚሊዮን ተጫዋች አለኝ እስኪል ድረስ ዓለም ሁሉ ነካው፤ የኛም ወጣት ሌሊቱን ሲነካ አደረ። ጉልበቱ ያልቃል፣ ይጠበቃል። ማሻሻያው በተገዛ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። ደረጃውን፣ ዋጋውንና የዕደላውን መስፈርት የሚያወጣው ያው ባለቤቱ ነው። ዕደላው መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ልክ በደመራ ዕለት ሆነ። ለብዙዎቹ የደረሳቸው ከጥቂት ዶላር አላለፈም። ሥራ ፍለጋ የደከመው ምሩቅ በዚያች ጣቱ ላይ የጣለው ተስፋ ከዶላሩ በላይ ያሳዝናል።

ሌላው ዓለም ቀስ እያለ ነቅቷል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2012 ዕጣ መሰል የጨዋታ ሽያጭን አንዱን ዓይነት ከለከለች። ቤልጂየም በ2018 ይዘቱ የማይታወቅ ሳጥን መሸጥን ቁማር ነው አለች። የአሜሪካ መንግሥት በ2022 “ፎርትናይትን” የሚሠራው ኤፒክ፣ ሳያስቡት እንዲገዙ ለተደረጉ ተጫዋቾች 245 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ አደረገ። እነዚህ ሁሉ ግን ሽያጩን ነው የነኩት። ክብደቱን በስውር ማጥበቅና ማላላት ገና እምብዛም አልተነካም። በልማዳችን ቁማር የምንለው የሚበላ ገንዘብ ያለበትን ነው። እዚህ ግን ብታሸንፉም የምትወስዱት ሌላ ከባድ ደረጃ ነው። ከቁማር ያነሰ ስለሚመስል ከቁማር ሕግ ያመልጣል።

ጨዋታ ይከልከል የሚል ሰው አይደለሁም። በዝናብ ወር በረንዳ ላይ ልጅ ካልተጫወተ ምን ሊሆን ነው? ተሸናፊ መክፈሉም ነውር የለበትም፤ በጆተኒ የተሸነፈ ልጅ ለምን እንደተሸነፈ ያውቃል፣ ነገ ተለማምዶ ይመለሳል። ሽንፈቱ ያስተምረዋል። ስልኩ ላይ ግን ልጁ “አልቻልኩም” ብሎ ሲበሳጭ፣ እንዳይችል የተደረገ መሆኑን የሚነግረው የለም። በረንዳ ላይ የነበሩት አሥር ዳኞች በስልኩ ውስጥ የሉም።

እንግዲህ ዳኝነቱ የኛ ነው፤ የወላጅ፣ የታላቅ ወንድም፣ የታላቅ እህት። ልጁ ሲጫወት ጎኑ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ጨዋታው የከበደው መቼ ነው? በከበደ በስንተኛው ደቂቃ “ግዛ” ወይም “ማስታወቂያ እይ” አለው? ይህን አንዴ አብሮ የቆጠረ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ራሱ ይቆጥረዋል።