«አባ ቡና» ማን ነው?

አንዲት ልጅ ድፍረት የሚጠይቅ ነገር ስትሠራ ሰፈሩ የሚሰጣት ትልቁ ምስጋና «ወንድ ናት እኮ!» የሚል ነው። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ደግሞ «ምን እንደ ሴት ያነፋርቅሃል?» ይባላል። አስቸጋሪ ልጅ ሰፈሩን ሲያስመርር «ሴት ያሳደገው» ተብሎ ይሰደባል፤ አባቱ አጠገቡ እያለ የባለገውን ግን «ወንድ ያሳደገው» ብሎ የሰደበ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ብቻዋን ለፍታ ያሳደገችው እናት ድካሟ ስድብ ሆኖ ተመለሰላት ማለት ነው።

እነዚህ ግን ቀላሎቹ ናቸው። ስድብ መሆናቸው ስለሚታወቅ አንድ ቀን አፍረንባቸው እንተዋቸው ይሆናል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ስድብ የማይመስሉት፣ እንዲያውም ክብር ያላቸው ቃላት ናቸው። ዛሬ አንዷን ብቻ እንያት፦ «አባ»። (አያችሁ፣ ቃሏ ትንሽ ስትሆን ሳላስበው በሴት ጠራኋት!)

የጅማ ልጅ ይህችን ቃል ከኳስ ሜዳ ጀምሮ ያውቃታል። ጅማ አባ ቡና በ2009 ፕሪሚየር ሊግ ተጫውቷል፤ ጅማ አባ ጅፋር ደግሞ በ2010 ዋንጫውን በልቷል (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው)። «አባ» በአማርኛም በኦሮምኛም አባት ነው፤ በኦሮምኛ ግን ባለቤት፣ ጌታ፣ ኃላፊ የሚለውንም ይጨምራል። አባ ቡና ማለት እንግዲህ የቡናው ባለቤት ነው። ከጅማ ወደ አጋሮ ስትሄዱ የምታገኟት የማና ወረዳ ከተማ የቡ ናት። በለቀማ ወቅት እዚያ ብትወርዱ ቀዩን እሸት ከዛፉ የሚለቅሙት፣ አስጥተው የሚያገላብጡት፣ የተበላሸውን ፍሬ የሚለዩት በብዛት ሴቶች ናቸው። ቤት ስትገቡም ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ የምታቀርብላችሁ ሴት ናት። የቡናው አባት ታወቀ፤ እናቱስ የት ሄደች?

ከፈረስ እስከ ኬላ

እስኪ ወደ ጅሬን ቤተ መንግሥት ወጣ እንበል። የጅማን መንግሥት በ1820ዎቹ ያጠናከሩት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ይባላሉ። ጅፋር የፈረሳቸው ስም ነው። በጊቤ አገሮች ንጉሥም ጀግናም በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ሹመቱም እንደዚያው ነው፤ አውራጃ የሚያስተዳድረው አባ ቆሮ፣ ኬላ የሚጠብቀውና ቀረጥ የሚሰበስበው አባ ኬላ ይባል ነበር። የቤተ መንግሥት ሴቶች ማዕረግ ደግሞ «ገኔ» ነበር፤ እመቤት እንደማለት ነው። ልዩነቱን ልብ በሉ! ከ«አባ» በኋላ ሁልጊዜ የሚከተል ነገር አለ፤ ፈረስ፣ ኬላ፣ አገር። ከ«ገኔ» በኋላ የሚከተለው የሴትየዋ ስም ብቻ ነው።

ከእነዚህ ሴቶች አንዷ የዳግማዊ አባ ጅፋር እናት ገኔ ጉሚቲ ናቸው። ምኒልክ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲገሰግሱ፣ በ1870ዎቹ፣ ወጣቱ ንጉሥ ከመዋጋት ይልቅ በሰላም ገብሮ አገሩን እንዲያተርፍ የመከሩት እናቱ እንደሆኑ ይነገራል። ጅማ ግብር እየከፈለች ንጉሥዋንም የውስጥ አስተዳደሯንም ይዛ ለአምስት አሥርት ዓመታት ያህል ቆየች። ጎረቤቷ ከፋ ተዋጋች፤ ንጉሥዋ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 መባቻ ተማረኩ፣ አገሩም ብዙ ሕዝብ አለቀበት። የአንዲት እናት ምክር ምን ያህል ነፍስ እንዳተረፈ ከዚህ ገምቱ። ቤተ መንግሥቱም ዘመኑም የሚጠራው ግን በአባ ጅፋር፣ ማለትም በፈረስ ስም ነው።

ይህ የጅማ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ ናቸው። በ1888 የራሳቸውን ጦር ይዘው የዘመቱት እቴጌ ጣይቱ ግን «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» ናቸው። ስሙ ያምራል፤ ግን ብርሃን ያበራል እንጂ አይጋልብም!

ዙፋኑ ወደ ጓዳ ሲወርድ

ነገሥታቱ አለፉ፤ «አባ» ግን ወደ እያንዳንዱ ቤት ወርዳ «አባወራ» ሆነች። በኦሮምኛ አባ ወራ ባል ነው፣ የቤቱም አለቃ ነው። ሃዸ ወራ ደግሞ ሚስት ናት፤ ሚስት ብቻ። በአማርኛችን «እማወራ» አለች፤ ነገር ግን የመሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ የምትጻፈው ባል ሲሞት ወይም ሲፋታ ነው። ሴት የቤት ኃላፊ የምትሆነው ወንዱ ሲጎድል ነው ማለት ነው።

ሕጉም ይህንኑ ይል ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። በ1967 ደርግ የገጠር መሬትን ያወጀበት አዋጅ ቁጥር 31 ደግሞ መሬት ያለ ጾታ ልዩነት ለሚያርስ ሁሉ ይሰጣል አለ። ጥሩ! ግን የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የሰፈረው በአብዛኛው የአባወራው ስም ነበር። አዋጁ «ሁሉ» ያለውን መዝገቡ «አባ» ብሎ አነበበው።

የቡና አገር ላይ ይህ ነገር ይከብዳል። የጤፍ ማሳ ያረመች ሴት ብትፈታ የምታጣው የዓመት ልፋቷን ነው። የቡና ችግኝ ግን ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ከያዘ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ያፈራል። ችግኙን ያጠጣች፣ ያረመች፣ ጥላ ያለበሰች ሴት ያለ ስም ከወጣች ጥላ የምትሄደው የወጣትነት ዕድሜዋን ነው።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 የባልን የበላይነት አነሳ። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ደግሞ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በትግራይ በ1990ዎቹ መባቻ የተሰጠው የመጀመሪያው ደብተር በቤተሰብ ኃላፊው ስም ብቻ ነበር፤ በኋላ በአማራና በኦሮሚያ የተሰጠው ግን የሚስትንም ስም ይዟል። የቅጹ አንድ መስመር ስንት እንደሚያወጣ አያችሁ?

«ቃል ምን ያደርጋል?»

ይህን ጽሑፍ አንብቦ «እናንተ ደግሞ ቃል ስታበጥሩ ትውላላችሁ!» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ክርክሩም ባዶ አይደለም። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ዳኛ «አባ ሙርቲ» ይባላል፤ ወንበሩ ላይ ሴት ብትቀመጥም አባ ሙርቲ ናት፣ ማንም ግራ አይጋባም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 7 በወንድ ጾታ የተጻፈው ሴትንም እንደሚጨምር ይናገራል። ታዲያ «አባ» ባለቤት ማለት ከሆነ ምን ቸገረን?

እኔም ቃሏ ትጥፋ አላልኩም። ግን «አባ ሙርቲ» ለሴት የበቃችው ሴቶች አስቀድመው ወንበሩ ላይ ስለተቀመጡ ነው። በ1909 ዘውዲቱ ሲነግሡም አማርኛ አልጨነቀውም፤ «ንግሥተ ነገሥታት» ብሎ ቀጠለ። ቋንቋ ወንበሩን ተከትሎ ይሄዳል። ችግሩ ቃሉ በር ላይ ቆሞ ወንበሩን ሲከለክል ነው፤ መዝጋቢው መጥቶ «አባወራው አለ?» ብሎ ሲጠይቅና አለመኖሩን ሲሰማ ደብተሩን አጥፎ ሲመለስ፣ ያቺ ቡናውን ስታገላብጥ የዋለችው ሴት ግን ፊቱ ቆማ እያለች።

እንግዲህ «አባ» ባለቤት ማለት ነው የምንል ከሆነ አንድ ፈተና አለን። የመሬት ደብተሩ ላይ ስሟ አለ? የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ገንዘብ ሲከፍል ማንን ይጠራል? እጇ በቡና እሸት የቀላችውን ሴት ገበያ መሐል «አባ ቡና!» ብለን ብንጠራት፣ ዞር ብላ «አቤት!» የምትል ይመስላችኋል?