መዝገብ ያላገኛቸው ገበሬዎች፦ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በወረርሽኙ ዘመን



መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ ሲገለጽ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ለአዲስ አበባ ወተት የሚያቀርበው የሱሉልታ ገበሬ በጾም ገበያ እንደሚቀዘቅዝ ያውቃል፤ ተስፋው ፋሲካ ነው። በዚያ ዓመት ግን ፋሲካ የዋለው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ በ11ኛው ቀን ነበር። የሆቴሎች ሥራ ተዳክሞ ነበር፤ የአውሮፓ የአበባ ገበያ መቀዛቀዝም በሰበታ ዙሪያ በአበባ እርሻ ተቀጥረው የሚሠሩትን አስግቷል። ታዲያ ለእነዚህ ሰዎች የመንግሥት ድጋፍ በየትኛው መንገድ ሊደርስ ይችል ነበር? መልሱ ያለው ከ2012 በፊት በተከናወኑ ነገሮች ውስጥ ነው።

ከ1966ቱ የወሎ ረኀብ ወዲህ የዕርዳታ አስተዳደራችን በዋናነት ድርቅን ሲከተል ኖሯል። በ1997 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በየዓመቱ ይደረግ የነበረውን የአስቸኳይ ዕርዳታ ጥሪ በመደበኛ ክፍያ ለመተካት የታሰበ ነበር፤ ወረዳዎቹም የተመረጡት ለተከታታይ ዓመታት የምግብ ዕርዳታ ሲቀበሉ በመቆየታቸው ነው። በ2009 የተጀመረው የከተማው ፕሮግራም አዲስ አበባን፣ አዳማንና ድሬዳዋን ጨምሮ 11 ከተሞችን ያዘ። ወረርሽኙ ሲመጣ የከተማው ተጠቃሚዎች ከሥራ ግዴታ ነጻ ሆነው የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ እንዲያገኙ ተወሰነ። ውሳኔው በፍጥነት ሊፈጸም የቻለው የስም ዝርዝሩም የክፍያው መንገድም አስቀድሞ ስለነበረ ነው።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሁለቱም ውጭ ነበሩ። ጤፍና ወተት የሚገኝበት ደጋ በድርቅ ለሚለየው የገጠር መዝገብ አይመችም፤ ከ11ዱ ከተሞች መካከልም አልነበሩም።

ሆኖም የአካባቢው ገበሬ በደንብ የሚያውቀው አንድ መዝገብ አለ፤ እርሱም የካሳ መዝገብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ባለይዞታ የመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ለማያገኘው ስሌቱን አሻሽሎ በሦስት ዓመታት ውስጥ የተገኘውን ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ በ15 አባዛው። መሻሻሉ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም ስሌቶች የሚመለከቱት ያለፈውን ምርት ነው። ካሳ የጠፋን ይዞታ ይተምናል እንጂ ባለይዞታው ነገ የሚገጥመውን ችግር አይከታተልም። ክፍያው ሲጠናቀቅ ፋይሉ ይዘጋል። ስለዚህ በወረርሽኙ ዓመት ያ መዝገብ ለማንም የሚያገለግል አልነበረም።

ይህን የምለው የወቅቱን ባለሥልጣናት ለመክሰስ አይደለም። የመንግሥት ገንዘብ ውስን ነበር፤ በድንገተኛ ጊዜም ማንኛውም መንግሥት የሚጠቀመው በእጁ ባለው መሣሪያ ነው። ከዚያ በኋላ የከተማው ፕሮግራም ወደ ሌሎች ከተሞች ሰፍቷል፤ በ2015ም ሦስቱ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ዳሩ ግን ወሰን በተለወጠ ቁጥር ማን ገበሬ፣ ማን ከተሜ ተብሎ እንደሚመዘገብ እንደገና ይወሰናል።

ስለሆነም የዕርዳታን ታሪክ የምታጠኑ ተማሪዎች ስንት ብር ተመደበ ከማለታችሁ በፊት የስም ዝርዝሩ መቼና ለምን ዓላማ እንደተዘጋጀ ጠይቁ። ቀጣዩ መከራ ሲመጣ ማን እንደሚታይና ማን እንደሚዘለል የሚወሰነው ዛሬ፣ ማንም ባልተቸገረበት ሰዓት፣ በሚሞላ ቅጽ ነው።