ዜማውን ያጣው ገጽ
የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍን ለኅትመት የማዘጋጀት ታሪክ ከጋይንት ሲታይ

መግቢያ

የጋይንት ስም በተነሣ ቁጥር በሊቃውንት ዘንድ አብረው የሚነሡ ሁለት ቦታዎች አሉ፤ እነርሱም የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔምና የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አባ ናቸው። በቤተልሔም ዜማ ድጓን የተማረ ደቀ መዝሙር መምህር ተብሎ ወንበር ለመዘርጋት ወደዚህ ደጋ አገር መጥቶ ማስመስከሩ የቆየ ሥርዓት ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቈረቈረችው ንፋስ መውጫም የዚህ አገር ከተማ ናት። ስለዚህ በጋይንት ስለ ቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ ሲነገር፣ ስለ ቃሉ ብቻ ሳይሆን በቃሉ አናት ላይ ስለሚቀመጠው የዜማ ምልክትም መነገሩ ግድ ነው።

ይህን አነስተኛ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ አንድ የራሴ ጉድለት ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት ንፋስ መውጫ በነበርሁበት ጊዜ፣ የአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ለዓመታዊው በዓል የሚታደል ባለ 16 ገጽ መጽሔት እንዳሰናዳለት ጠየቀኝ። ኮምፒዩተር የማውቅ መሐንዲስ ነኝና ሥራውን ቀላል አድርጌ ተቀበልሁት። የበዓሉን ቀለም ከነምልክቱ በሁለት ገጽ አስገብቼ፣ ፋይሉን እንዳለ ወደ አንድ ማተሚያ ቤት ላክሁት፤ ሙከራ ኅትመት ይምጣልኝ ብዬም አልጠየቅሁም። መጽሔቱ በበዓሉ ዋዜማ ደረሰ። ሽፋኑ ያማረ፣ ወረቀቱም የጠራ ነበር። ነገር ግን በሁለቱ የዜማ ገጾች ላይ፣ ምልክቱ ሊያርፍበት በሚገባው ስፍራ ሁሉ ባዶ ባዶ ትንንሽ ሳጥን ተደርድሮ ነበር።

የደብሩ የድጓ መምህር ገጹን አስጠግተው ተመለከቱትና፣ «ልጄ፣ ቃሉ አለ፤ ዜማው ግን የት ሄደ?» አሉኝ።

በዚያን ጊዜ የምመልሰው አልነበረኝም። በኋላ ግን ጥያቄው ከእኔ ጉድለት የሰፋ፣ አምስት መቶ ዓመት ያህል የቆየ ጥያቄ መሆኑን ተረዳሁ። ጽሑፍ ከሚያውቀው ሰው እጅ ወጥቶ መሣሪያውን ወደሚያውቀው ሰው እጅ በሚተላለፍባት በዚያች ቅጽበት ምን ይጠፋል? የሚከተለው ታሪክ ይህንኑ የሚመለከት ነው።

ጸሐፊውና አንባቢው አንድ ሰው በነበረበት ዘመን

በብራና ዘመን ይህ ጥያቄ እምብዛም አይነሣም ነበር። የብራና ጸሐፊ ቆዳውን በመወጠሪያ ወጥሮ፣ ፍቆና አለስልሶ፣ በወስፌ ጫፍ መስመር ካሰመረ በኋላ የሚጽፈውን ቃል ራሱ ያነበዋል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከተቈላ እህል ራሱ ያዘጋጃል፤ ለቅዱሳን ስምና ለርእስ የሚሆነውን ቀይ ቀለምም ለይቶ ያስቀምጣል። ብዕሩ መቃ፣ ማተሚያ ቤቱ ጉልበቱ ነው። የመጽሐፉ አዘጋጅ፣ ፊደል ለቃሚ፣ አራሚና አታሚ አንድ ሰው በመሆኑ በመካከል የሚጠፋ ነገር ቢኖር ከራሱ ድካም እንጂ ከሌላው አለማወቅ አይደለም።

በድጓ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ የጠነከረ ነበር። የድጓ ተማሪ የራሱን ድጓ በእጁ የሚገለብጥ በመሆኑ መጻፍና መማር አይነጣጠሉም ነበር። መስመሩ ሰፋ ተደርጎ ይሰመራል፤ ቃሉ ይጻፋል፤ በቃሉ አናት ላይ ደግሞ በደቃቅ ጽሕፈት ምልክቱ ይቀመጣል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ የተባሉት ምልክቶች፣ ከእነርሱም ጋር ከቀለማት የተወሰዱ ደቃቅ ፊደላት፣ ድምፁ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድና የት እንደሚቆረጥ ያመለክታሉ። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይህን የምልክት ሥርዓት ያደረጁት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል መሆናቸውን ያስረዳል። ከዚያ ወዲህ ምልክት የሌለው ድጓ ለመምህሩ ግማሽ መጽሐፍ ሆኖ ቀረ።

ሮም፦ የሚያነበው የማይለቅመው፣ የሚለቅመው የማያነበው

የግእዝ ፊደል መጀመሪያ በማተሚያ የታተመው በኢትዮጵያ ሳይሆን በሮም ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን፣ በዚያች ከተማ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ጸሎት ሲያደርሱ ሰምቶ፣ ከመካከላቸው በቶማስ ወልደ ሳሙኤል አስተማሪነት ቋንቋውን ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1513ም መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። ከ35 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1548፣ አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉት የደብረ ሊባኖስ መነኵሴ ከጓደኞቻቸው ጋር በዚያው በሮም ሐዲስ ኪዳንን ማሳተም ጀመሩ።

የአባ ተስፋ ጽዮን ሥራ ለእኛ ሙያ ልዩ ትርጉም አለው። መጽሐፉን ያሳተሙት አባቶች በኅትመቱ ስለተገኘው ስሕተት አንባቢን ይቅርታ ሲጠይቁ ምክንያቱንም ገልጸዋል፤ ፊደሉን የሚደረድሩት ሠራተኞች ቋንቋውን አያነቡም፣ ቋንቋውን የሚያነቡት መነኰሳትም ፊደል መደርደር አያውቁም ነበር። ከዚያ በኋላ በኅትመት ሥራ ላይ የደረሰውን ችግር ሁሉ ይህ ኑዛዜ አስቀድሞ ጠቅልሎ ይዞታል ለማለት ይቻላል።

የእርሳስ ፊደልና የሒሳቡ ውጥረት

ማተሚያ ወደ አገራችን ዳርቻ የደረሰው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 የላዛሪስት ሚሲዮናውያን በምጽዋ ማተሚያ አቆሙ። በዚያው ዘመን በበጌምድር፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለው በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ብረታ ብረት ያስቀልጡ ነበር፤ ከእቶኑ የወጣው ግን መድፍ እንጂ የኅትመት ፊደል አልነበረም። በአዲስ አበባ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን በ1914 ዓ.ም. አቋቋሙ፤ በስሙ የተጠራው ጋዜጣም በ1917 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትም ከነአንድምታ ትርጓሜያቸው በአገር ውስጥ መታተማቸው በእነዚሁ ዓመታት ተስፋፋ።

ይሁን እንጂ የእርሳስ ፊደል ለእኛ ጽሕፈት ከባድ ሒሳብ ነበረው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ የለቃሚው ሳጥን ከ270 በላይ ክፍል ይሻል። ይህ በትዕግሥት ይቻላል። የዜማ ምልክት ግን ከሒሳቡም ያልፋል። የእርሳስ ፊደል አራት ማዕዘን አካል ያለው ብረት በመሆኑ በአናቱ ላይ ሌላ ምልክት የሚያሳርፍበት ስፍራ የለውም። ምልክቱን ለማስገባት ከእያንዳንዱ መስመር በላይ የደቃቅ ፊደል መስመር መሥራት፣ በምልክትና በምልክት መካከል ያለውን ባዶ ስፍራም በመሙያ ብረት እየለኩ መድፈን ያስፈልጋል። አንዲት መሙያ ከተዛነፈች ምልክቱ ወደ ጎረቤት ቃል ይሻገራል፤ የተሻገረ ምልክት ደግሞ ከጠፋ ምልክት የባሰ ነው። ስለዚህ ለዜማ መጻሕፍት የተሻለው መንገድ የጥሩ ጸሐፊን የእጅ ጽሑፍ በፎቶግራፍ አንሥቶ በኦፍሴት ማተም ሆነ። በዚህ መንገድ ማተሚያው ፊደሉን ማወቅ አያስፈልገውም፤ ያየውን ብቻ ያባዛል።

የሰም ወረቀት ዘመን

የትንሿ ደብር ጽሑፍ ግን ከማተሚያ ቤት በፊት ሌላ መንገድ አግኝቶ ነበር። ከጣልያን ወረራ አስቀድሞ ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ያደረጉት ጥረት በሙያችን ታሪክ ውስጥ ሊታወስ የሚገባው ነው። ለላቲን ፊደል የተሠራ መኪና ከ50 በማይበልጡ ቁልፎቹ 231 ፊደላትን ሊይዝ አይችልም። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና የተገኘው መፍትሔ ዋናውን ፊደል አንድ ጊዜ፣ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ቅጥያ ደግሞ ሌላ ጊዜ መትቶ ማጋጠም ነበር። መልኩ እንደ ብራናው ባያምርም ይነበባል።

ከጽሕፈት መኪናው ጋር ስቴንስል መጣ። ስቴንስል በሰም የተለበጠ ስስ ወረቀት ሲሆን፣ ጸሐፊው የመኪናውን ጥብጣብ አንሥቶ ሲመታበት ፊደሉ ሰሙን ይበሳዋል፤ ወረቀቱ በማባዣው ከበሮ ላይ ተጠቅልሎ ሲሽከረከር ቀለሙ በቀዳዳው እያለፈ ያትማል። ስሕተት ሲገኝ በማረሚያ ፈሳሽ ተደፍኖ እንደገና ይመታል። ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የተማሪዎች ማኅበራት ለብዙ ዓመታት መዝሙራቸውን፣ ትምህርታቸውንና መልእክታቸውን ያደሉት በዚሁ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ስቴንስል ርካሽና ጥቁረቱ ያልተስተካከለ ቢሆንም፣ በሹል የብረት ብዕር በእጅ ሊጫርበት ይቻል ነበር። ስለዚህ የዜማ ሰው ቃሉን በመኪና ካስመታ በኋላ በመስመሮቹ መካከል ምልክቱን ራሱ መጫር ይችላል። ድኻው መሣሪያ፣ ሀብታሙ የእርሳስ ፊደል ያልቻለውን ቻለ። ምክንያቱም ሥራው እስከ መጨረሻው ሰዓት ከሚያውቀው ሰው እጅ ስላልወጣ ነው።

ኮምፒዩተርና ባዶው ሳጥን

የግእዝ ፊደል በኮምፒዩተር መጻፍ ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት እያንዳንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም ፊደላቱን በራሱ ቁጥር ያስቀምጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅርቅ ይሆን እንደነበረ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለኢትዮጵያ ጽሕፈት 345 መለያ ቁጥሮችን ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው እትም 4.1 ደግሞ ዐሥር የዜማ ምልክቶች ተጨመሩ፤ ከላይ ከተዘረዘሩት ስምንቱ ጋር አጭር ርክርክና ደረት ሂደት ማለት ነው።

የእኔ ጉድለት ከዚህ ላይ ይጀምራል። ምልክቶቹ መለያ ቁጥር ስላገኙ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ቁጥር ማግኘት ቅርጽ ማግኘት አይደለም፤ የፊደል ቅርጹ በተቀባዩ ኮምፒዩተር ውስጥ ከሌለ በፈንታው ባዶ ሳጥን ይወጣል። ከዚህም በላይ ዐሥሩ ምልክቶች የተደነገጉት ራሳቸውን ችለው በመስመር ላይ እንደሚቆሙ እንጂ በፊደሉ አናት ላይ እንደሚያርፉ ሆነው አይደለም፤ ወደ ላይ የማውጣቱ ሥራ ለገጽ አዘጋጁ የተተወ ነው። ማተሚያ ቤቱ ፋይሌን ሲከፍት የእኔ ፊደል ስላልነበረው በሌላ ተካው። ሠራተኛው ድጓ አያነብም፤ እኔም የማተሚያን ሥራ አላውቅም ነበር። የአባ ተስፋ ጽዮን ኑዛዜ ከ470 ዓመት በኋላ በእኔ ላይ ደረሰ።

ለባልደረቦች የሚሆን ማሳሰቢያ

ከዚህ ልምድ በመነሣት ለየደብራቸው ወይም ለየማኅበራቸው ጽሑፍ የሚያሰናዱ ባልደረቦች ሊያስቡባቸው የሚገቡ ጥቂት ነጥቦችን ላቅርብ።

አንደኛ፣ ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ከመላኩ በፊት አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ ሌላው በዐይኑ እየተከተለ ሊታረም ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ የዜማ ገጽ በጥቁር ቀለም በነጭ ወረቀት ላይ ከሚታተምበት መጠን ከፍ ተደርጎ በእጅ ይጻፍ፤ በአንድ ኢንች ከ600 ነጥብ ባላነሰ ጥራት ይቀዳና እንደ ሥዕል ይግባ። ሲያንስ የእጅ መንቀጥቀጡም አብሮ ያንሳል።

ሦስተኛ፣ የሚላከው ፋይል ፊደሉን በውስጡ የያዘ ፒዲኤፍ ይሁን፤ ገጹ እንዴት መምሰል እንዳለበት የሚያሳይ የወረቀት ቅጂም አብሮ ይላክ።

አራተኛ፣ የታጠፈው ወረቀት ገጾችን በአራት በአራት የሚሰጥ በመሆኑ የገጹ ብዛት ከመጀመሪያው በዚሁ ይታሰብ።

አምስተኛና ዋነኛው፣ ሙከራ ኅትመቱ ቀለሙን በሚያውቅ ሰው ታይቶ ሳይፈረምበት ማተሚያው አይነሣ።

መደምደሚያ

የዚያ መጽሔት ታሪክ በባዶው ሳጥን አላበቃም። የኔታ የቀሩትን ቅጂዎች እንድተውላቸው ጠየቁኝ፤ ከደቀ መዛሙርታቸውም ጋር በብዙዎቹ ላይ፣ በባዶው ሳጥን አናት፣ ምልክቱን በብዕር ጨመሩበት። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ መጽሔቱ የተሰናዳበት የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ጠፋ። በእኔም ዘንድ ፋይሉ አልተቀመጠም ነበር። ሰላም ወርዶ መጽሔቱን እንደገና ለማሳተም በተፈለገ ጊዜ፣ በአንዲት እናት ቤት በነጠላ ጫፍ ተጠቅልላ የተቀመጠች አንዲት ቅጂ ተገኘች። በየኔታ እጅ የታረመችው ነበረች። ሁለተኛው እትም የተዘጋጀው ያችኑ ገጽ በመቅዳት ነው፤ ሙከራ ኅትመቱንም እርሳቸው አይተው ፈረሙበት።

እኛ መሐንዲሶች ስለ መሣሪያው ፍጥነትና ጥራት ብዙ እንናገራለን፤ ይህም ተገቢ ነው። የማተሚያ ታሪካችን የሚያስረዳው ግን መሣሪያው ምንም ያህል ቢራቀቅ በሚያውቀውና በሚያትመው መካከል ያለው ርቀት በራሱ እንደማይጠብ ነው። ያን ርቀት መሙላት የሙያችን ድርሻ ነው። ይኸውም የሚጀምረው ከአዋቂው አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ከማተም በፊት፣ «አባቴ፣ የጎደለ ነገር አለ?» ብሎ በመጠየቅ ነው።