ማሲንቆ ከእልፍኝ ወደ ሜዳ

የቴያትር ታሪካችን በተነሣ ቁጥር ደራሲው፣ አዘጋጁና ተዋናዩ ይወሳሉ፤ ድምፁን ያሰማውና ብርሃኑን ያበራው ባለሙያ ግን ስሙ እንኳ አይጠቀስም። በፎገራ ሜዳ ላይ ቆሞ ነገሩን ላሰበ ሰው የዚህ ጉድለት መጠን ይገለጥለታል።

ፎገራ ከጣና በስተምሥራቅ የተዘረጋ፣ ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁት ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ከሚወጣው ጋር የሚገናኘው እዚያው ወረታ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ሜዳ ድምፅን የሚመልስ ግድግዳም ሆነ ገደል የለም። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የድምፁ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። በመሆኑም በቅርብ የተቀመጠውን የሚያስለቅሰው ማሲንቆ በሩቅ ለቆመው የሚታይ እንጂ የሚሰማ መሣሪያ አይደለም።

አዝማሪ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ያለው ማሲንቆ የእልፍኝ መሣሪያ በመሆኑ፣ ባለቤቱ በጠጅ ቤቱና በሠርጉ ዳስ እየተዘዋወረ ወደ አድማጩ ጆሮ ይጠጋል። የመጀመሪያው የድምፅ ባለሙያችን አዝማሪው ራሱ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም፣ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የዛሬው ብሔራዊ ቴያትር በ«ዳዊትና ኦርዮን» ሲከፈት፣ የባህል ሙዚቀኛው ከመድረክ ላይ ተተከለ። ቀድሞ በእግሩ ይሠራው የነበረውን ሥራም ውሎ አድሮ ማይክሮፎን ተረከበው። እ.ኤ.አ. በ1963 በሐሊም ኤል ዳብህ የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና ከበሮውን በአንድ ረድፍ ሲያሰልፍ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። ሁሉም እኩል ከጎሉ የሚሰማው ከበሮው ብቻ ነውና፣ ማይክሮፎኑን ለማሲንቆው አቅርቦ ከበሮውን ወደ ኋላ ማራቅ ግድ ይላል። ይህ ውሳኔ ሽቦ የመቀጠል ጉዳይ ሳይሆን የሙዚቃ ቅንብር ነው።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ እንደ ጎንደሩ ፋሲለደስ ያሉ የኪነት ቡድኖች በየክፍለ ሀገሩ ሲቋቋሙ አደባባዩ ሁሉ መድረክ ሆነ። ጄኔሬተርም የራሱ ጣጣ አለው፤ ነፋሱ ከተመልካቹ አልፎ በሚሄድበት በኩል ርቆ ካልተቀመጠ ከዋሽንቱ ጋር ይዘፍናል!

የለንደኑ ሳቮይ ቴያትር እ.ኤ.አ. በ1881 ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ ሲበራ የዓለም መድረክ አዲስ ዘመን ያዘ። በእኛ ዘንድ ግን በብርሃን ብዛት የሚኮራ ሁሉ ብርሃን ያውቃል ማለት አይደለም። እስክስታ የትከሻና የደረት ጨዋታ ነው። ብርሃኑ ከፊት ለፊት ብቻ ሲወድቅ ትከሻው ከደረቱ ጋር ይጣበቃል፤ የተጨዋቾቹም ልብስ ሁሉ አንድ ነጭ መጋረጃ ይመስላል። ከጎን ሲገባ ግን እያንዳንዱ ንቅናቄ ጥላውን ያገኛል። ለዚህም በሁለት ወገን እንጨት ላይ የተሰቀሉ ሁለት ማሾዎች ይበቃሉ። በቀይ መብራት ፍቅር የተለከፉ አዘጋጆች ደግሞ አሉ፤ ነጩ ሸማ ሲቀላ ቀዩ ጥለት አብሮ እንደሚጠፋ ልብ አይሉም።