ከዳካ የተላከው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ አንድ ሀሳብ አለኝ። ግን ዲግሪ የሌለውን ሰው ማን ይሰማል?» ይላል። እኔም ባለ ዲፕሎማ ነኝና ጥያቄው ነካኝ። መልሱን ሁላችሁም እንድታነቡት እዚህ ልጻፈው።

ሳትየንድራ ናት ቦዝ እ.ኤ.አ. በ1894 ካልካታ፣ ህንድ ውስጥ ተወለደ። በማስተርስ አንደኛ ወጥቶ ተመረቀ፤ ዶክትሬት ግን አልነበረውም። በ1921 አዲስ በተከፈተው የዳካ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። አገሩ ያኔ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ስር ነበረች።

ቦዝን አንድ ነገር ይከነክነው ነበር። ፕላንክ በ1900 ያገኘው የጨረር ቀመር ትክክል ነው፤ የሚረጋገጥበት መንገድ ግን አሮጌውንና አዲሱን ፊዚክስ የቀላቀለ ነው። ቦዝ መፍትሄውን ያገኘው አቆጣጠር ላይ ነው።

በሳንቲም ላስረዳችሁ። ሁለት ሳንቲም ብትወረውሩ አራት ውጤት ይኖራል፦ ዘውድ-ዘውድ፣ ጎፈር-ጎፈር፣ ዘውድ-ጎፈር፣ ጎፈር-ዘውድ። ሳንቲሞቹ «ይሄኛው»፣ «ያኛው» ተብለው የማይለዩ ቢሆኑስ? የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንድ ይሆኑና ሦስት ብቻ ይቀራል። የኪሳችን ሳንቲም እንደዚህ አይደለም፤ የብርሃን ቅንጣቶች ግን እንደዚህ ናቸው። እንዲህ ሲቆጠሩ የፕላንክ ቀመር ራሱ ይመጣል።

በሰኔ 1924 ቦዝ አጭር ጽሑፉን በቀጥታ ለአንስታይን ላከ። አንተዋወቅም፤ ግን ሁላችንም የእርስዎ ተማሪዎች ስለሆንን ለመጻፍ አላመነታሁም አለው። አንስታይን ምን አደረገ መሰላችሁ? በገዛ እጁ ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ አሳተመለት! ሀሳቡንም ወደ አተሞች አሰፋው። ቦዝ ከአውሮፓ ተመልሶ ፕሮፌሰርነት ሲያመለክት የዶክትሬቱን ክፍተት የሞላለት የአንስታይን ድጋፍ ነው።

ዛሬ «ቦዞን» የሚባሉት ቅንጣቶች በስሙ የተጠሩ ናቸው። ከቦዝ ሀሳብ ተነስቶ አንስታይን የተነበየው አዲስ የቁስ ሁኔታ በ1995 በቤተ ሙከራ ተሠራ፤ የሠሩትም በ2001 ኖቤል ተሸለሙ። ቦዝ ግን ኖቤል ሳያገኝ በ1974 አረፈ።

እንግዲህ ልጄ፣ አንድ ነገር ልብ በል። ቦዝ ለአንስታይን የላከው «ሀሳብ አለኝ» የሚል ወሬ አይደለም፤ ተሠርቶ ያለቀ ስሌት ነው። ከዚያ በፊት እሱና ጓደኛው ሜግናድ ሳሃ የአንስታይንን ጽሑፎች ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመዋል፤ በ1920ም ታትሟል። ማለትም ሰውየው በደንብ አንብቦ ነው የጻፈው።

አንተም ሀሳብህን ወረቀት ላይ አስፍረው፣ አስላው፣ አምጣው። መጀመሪያ የማነበው እኔ ነኝ። ከአቅሜ በላይ ከሆነም ለማን እንደምንልከው አብረን እንፈልጋለን።