የጠፋችው ጭረት፦ ከጋቦሮኔ እስከ ካምፓላ

አምና ለዓለም የስደተኞች ቀን ያሳተምነውን ቲሸርት ታስታውሳላችሁ? ጽሑፉን ኮምፒውተር ላይ ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። ካምፓላ መሀል ደረታችን ላይ «ስደተኖች» ተብሎ ተጽፎብን ወጣን! የ«ኞ» አናት ላይ ያለችው ጭረት በኅትመቱ ጠፍታ ነበር። እናቶቻችን ሳቅ አሉና ዝም አሉኝ፣ እኔ ግን አፈርኩ። ዘንድሮ እንዳይደገም ብዬ ስለ ስክሪን ፕሪንት ሳነብ የእኛኑ የመሰለ የስደት ታሪክ አገኘሁ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአፓርታይድ ሸሽተው ቦትስዋና የገቡ ደቡብ አፍሪካውያን፣ ከአገሬው ሰዎች ጋር ሆነው ጋቦሮኔ ላይ «ሜዱ» የተባለ የኪነ ጥበብ ቡድን አቋቋሙ። ሜዱ በሰሜን ሶቶ ቋንቋ «ሥር» ማለት ነው። ጸሐፊም፣ ሙዚቀኛም፣ ሠዓሊም ነበረበት። ሠዓሊዎቹ ፖስተር የሚያትሙት በስክሪን ነበር። ምክንያቱም ስክሪን ትልቅ ማሽን አይጠይቅም፤ ፍሬም ላይ የተወጠረ ስስ ጨርቅ፣ ቀለምና የጎማ መጥረጊያ ካለ ጓዳ ውስጥም ይሠራል። ፖስተሮቹ በድብቅ ድንበር ተሻግረው ደቡብ አፍሪካ ይገቡ ነበር።

እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 1985 የደቡብ አፍሪካ ጦር ሌሊት ጋቦሮኔ ገብቶ ቤት ለቤት ገደለ። ከሟቾቹ አንዱ የሜዱ ሠዓሊ ታሚ ምንዬሌ ነበር። ከዚያ በኋላ ሜዱ ፈረሰ። ፖስተሮቹ ግን ዛሬም በሙዚየም አሉ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የእኔ ጥፋት የት እንደነበር ገባኝ። ሥዕሉ በጥቁር ቀለም ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ይታተማል። ጨርቁ ብርሃን ሲነካው የሚጠነክር ፈሳሽ ይቀባል። ጥቁሩ ብርሃኑን የከለከለበት ቦታ ሳይጠነክር ይቀርና በውኃ ይታጠባል፤ ቀለም የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። ጭረቷ ከቀጠነች ብርሃኑ ከጎንና ከጎን ይበላትና ቀዳዳዋ ሳይከፈት ይቀራል። ያኔ «ሸ» «ሰ» ይሆናል፣ «ቸ» «ተ» ይሆናል። ለእንግሊዝኛ ፊደል ያን ያህል አያሰጋም፣ የእኛ ፊደል ግን በአንዲት ጭረት ትርጉሙ ይለወጣል።

ስለዚህ ዘንድሮ ወፍራም ፊደል መርጫለሁ፤ «መ» እና «ዐ» ሆዳቸው በቀለም እንዳይደፈን ደግሞ መጠናቸውን ከፍ አድርጌያለሁ። ሁለት ቀለም ስለምንጠቀም ለየቀለሙ አንድ ፕላስቲክ፣ ሁለቱም ላይ አንድ ቦታ የመስቀል ምልክት አለ፤ ምልክቶቹ ሲገጣጠሙ ሥዕሉም ይገጥማል።

ቅዳሜ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዴ በፊት ፕላስቲኩን ይዤ እመጣለሁ። አባቶችና እናቶች፣ በተለይ የቄስ ትምህርት የተማራችሁ፣ መነጽራችሁን ይዛችሁ ፊደል በፊደል እዩልኝ። ጨርቁ ላይ ከወጣ በኋላ ማረም አይቻልም። ስማችንን ራሳችን በትክክል እንጻፍ።